በደጋ አገር የኮምፒዩተርን ፕሮሰሰር ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ስለ ማሠራት

በደብረ ታቦር የኖረ ተማሪ ሁሉ ከጉና የሚወርደውን ብርድ ያውቀዋል። ስለዚህም ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ፥ «አገሩ ብርድ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ አይግልም፤ ፍጥነቱን ብንጨምርበት አይጎዳም» ሲሉ እንሰማለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ አስተሳሰብ በከፊል እውነት፥ በከፊል ግን ስሕተት መሆኑን ነው። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፉ ረጅም ስሌት የሚያሠራና አዲስ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ተማሪ፥ ያለውን ለማፍጠን መመኘቱ አይቀርም።

ከሁሉ አስቀድሞ የነገሩን ምንነት እንመልከት። ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በተወሰነ ምት ነው። የምቱ ብዛት የሚገኘው መነሻው ምት በአንድ አባዢ ቁጥር ሲባዛ ነው፤ ይኸውም 100 ሜጋኸርዝ በ40 ቢባዛ 4 ጊጋኸርዝ ይሆናል። አባዢውን ከአምራቹ ወሰን በላይ ከፍ ማድረግ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ይህን የሚፈቅዱት ሁሉም ፕሮሰሰሮች አይደሉም። ከኢንቴል በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለባቸው፥ ከኤ.ኤም.ዲ ደግሞ አብዛኞቹ ራይዘን የተባሉት ይፈቅዳሉ፤ ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ ዓይነት መሆን አለበት።

ፍጥነት ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ጋር በቀጥታ፥ ከቮልቱ ጋር ግን በካሬው ልክ ያድጋል። ስለዚህ ምቱም ቮልቱም በ10 በመቶ ከፍ ቢሉ ኃይሉ የሚጨምረው በ10 ሳይሆን በ33 በመቶ ያህል ነው። ከፍጥነት ይልቅ ቮልት የሚያስፈራው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ማድ ቤት ውስጥም እናየዋለን፤ ውሃው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያም በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚነዳው አየር ስስ ስለሆነ፥ ከብረቱ ላይ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል።

ለምሳሌ ያህል፥ በባሕር ወለል 27 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ከክፍሉ አየር በ45 ዲግሪ ይበልጣል እንበል፤ ሙቀቱ 72 ይሆናል። በደብረ ታቦር ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢሆንና በአየሩ መሳሳት ልዩነቱ በአንድ አምስተኛ ቢያድግ፥ 54 ሲደመር 18 ያው 72 ነው። ብርዱ የሰጠንን ከፍታው መልሶ ወሰደው ማለት ነው። እንግዲህ መታመን ያለበት እጃችንን የሚያቀዘቅዘው ብርድ ሳይሆን የፕሮሰሰሩ የራሱ የሙቀት መለኪያ ነው።

ፍጥነት ለመጨመር የቆረጠ ሰው አስቀድሞ አቧራውን ይጥረግ፥ የደረቀውን የሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ይለውጥ። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሲቀዘቅዙ በአምራቹ ወሰን ውስጥ ራሳቸው ስለሚፈጥኑ፥ አንዳንድ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በባዮስ ውስጥ አባዢውን በአንድ በአንድ እየጨመረ፥ በየደረጃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈትን፤ ያደረገውንም ሁሉ በደብተር ይመዝግብ። ኮምፒዩተሩ ካልጸና አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ቮልት መጨመር የግድ ከሆነም ከ0.02 ቮልት ባልበለጠ እርምጃ፥ ከአምራቹም ወሰን ሳያልፉ ነው። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በ100፥ ብዙ የራይዘን ደግሞ በ95 ዲግሪ አቅራቢያ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ እኛ ግን ከ85 እንዳያልፍ እንመክራለን። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከመጠን ባለፈ ቮልት ምክንያት እንደሚናወጡ አምኖ ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት ማራዘሙ፥ የቮልት ጉዳት ተራ ነገር አለመሆኑን ያስረዳል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን የፕሮሰሰሩ መቃጠል አይደለም። የተቃጠለ ፕሮሰሰር በሌላ ይተካል፤ ያለ መጠን የፈጠነ ፕሮሰሰር ግን ሳይጠፋ፥ ሳያስጠነቅቅ፥ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ተማሪውም ያንን ቁጥር አምኖ በሰንጠረዥ ያሰፍረዋል። መርሴን የተባሉትን ፕራይም ቁጥሮች ለመፈለግ የተዘጋጀው ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ይረዳል፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስሌት እያሠራ ስሕተት ሲያገኝ ያስታውቃልና። በመጨረሻው ደረጃ አንድ ሌሊት ሙሉ ያለ ስሕተት ይሥራ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ሁሉ በዩ.ፒ.ኤስ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ የችግሩ ምንጭ ፍጥነቱ ይሁን መብራቱ አይለይም።

ለማጠቃለል፥ ለመለማመድ ማፍጠን ይቻላል። ለጥናት የሚሆነው የመጨረሻ ስሌት ግን አምራቹ በወሰነው ፍጥነት እንደገና ይሠራ፤ ሁለቱ ውጤቶችም ይነጻጸሩ። ያተረፍነው ሰዓት የጥናታችንን እውነተኛነት የሚያጠራጥር ከሆነ ትርፍ ሊባል አይችልም።