ስለ ቧንቧ አጐባበጥና ስለ ትዕግሥት

ልጆች ሆይ፥ አሉሚኒየም የተባለውን ብረት ሳታዩት አትቀሩም። መልኩ ነጭ ነው፤ የወጥ ድስት፥ የመስኮትና የበር ክፈፍ ይሠራበታል። እኩል መጠን ካለው ብረት ጋር ቢመዘን ክብደቱ ሲሶውን ያህል ብቻ ነው። ከእርሱ የተሠራ ቧንቧም ለወንበርና ለመሰላል ይሆናል። ነገር ግን ጥበቡን ሳያውቅ ሊያጐብጠው የሚሞክር ሰው ቧንቧውን ያበላሸዋል፤ ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ ሲታጨድ ከወደቀው አገዳ አንዱን አንሡና በጣታችሁ አጕብጡት። በመካከሉ ይሰረጕዳል፥ ወዲያውም ይታጠፋል። ማናቸውም ነገር ሲጐብጥ የውጭው ጎን ይሳባል፥ የውስጡም ጎን ይጨመቃል። የሚሳበው ጎን ደረቅ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ የሚጨመቀው ጎን የሚደግፈው ካጣ ይጨማደዳል። ቧንቧም እንደ አገዳው ውስጡ ባዶ ነውና ደጋፊ የለውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ማለስለስ፥ ሁለተኛው ባዶውን መሙላት ነው።

ማለስለሱን የጎንደር አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ በብር ያውቁታል። ብር ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንጥረኛው ግን በግድ አይመታውም፥ ወደ እሳት መልሶ ያለሰልሰዋል እንጂ። አሉሚኒየምም እንዲሁ ነው። ሆኖም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ብረት ሲግል ይቀላል፥ በመልኩም ለሠራተኛው ይነግረዋል። አሉሚኒየም ግን በቀን ብርሃን መቅላቱ ሳይታይ 660 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ቧንቧውን አስቀድሞ በደረቅ ሳሙና ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ወዲያና ወዲህ እያዘዋወረ ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ሳሙናው ሲጠቍር ቧንቧው መለስለሱን ያውቃል፥ እሳቱንም ያርቃል። ሳሙናው ለዓይን የተሰወረውን ነገር ይገልጥለታል።

ቧንቧው ከቀዘቀዘ በኋላ አንደኛውን አፉን በእንጨት ውታፍ ይደፍነዋል። ደቃቅና ደረቅ አሸዋም ይጨምርበታል። አሸዋው ጠቅጠቅ ብሎ እንዲሞላ ጎኑን ቀስ ብሎ እየመታ ያስተኛዋል፤ ሁለተኛውንም አፍ ይደፍናል። ከተሞላ በኋላ ወደ እሳት አይመልሰውም፤ በአሸዋው ውስጥ የቀረ ርጥበት እንፋሎት ሆኖ ውታፉን በኃይል ሊያስፈነጥር ሰውንም ሊጎዳ ይችላልና። ይህን ሥራ እናንተም ልጆች ከአዋቂ ጋር እንጂ ለብቻችሁ አትሞክሩት።

ከዚህ በኋላ በዙሪያው ቦይ የተቀረጸበት ክብ እንጨት ያቆማል፤ ቧንቧውንም በቦዩ ላይ አስደግፎ ያጐብጠዋል። ክቡ ሰፊ ሲሆን ሥራው ይቀናል፤ እጅግ ጠባብ ከሆነ ግን አሸዋው እንኳ ሊያድነው አይችልም። በአንድ ጊዜ በኃይል አይጫነውም፤ ጥቂት በጥቂት ይስበዋል። ቧንቧው ሲለቀቅ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳልና ከሚፈለገው ልክ ጥቂት አሳልፎ ያጐብጠዋል። በሥራው መካከል ቢጠነክርበት አሸዋውን አውጥቶ እንደገና ያለሰልሰዋል። በእሳት የለሰለሰው ስፍራ ከቀድሞው ይልቅ ደካማ መሆኑንም አይረሳም፤ ስለዚህ ከባድ ሸክም አያሸክመውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሊከበር አይገባውምን? በአገራችን ግን ብዙ ዘመን እንዲህ አልሆነም። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ባለችው በወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ነበር፤ ብረት ይቀጠቅጡ ሸክላም ይሠሩ ነበር። ገበሬው በቀጥቃጭ እጅ በተሠራ ማረሻ እያረሰ በማጭዱም እያጨደ፥ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ቡዳ ብሎ ይሰድብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ስድቡ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። የወለቃም ሰዎች ብዙዎቹ ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። ሰው ሲሄድ በእጁ ያለው ጥበብ አብሮት ይሄዳል፤ የሰደበውም ጎረቤት ከዚያ በኋላ ቢፈልገው አያገኘውም።

ልጆች ሆይ፥ አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ቧንቧ ሳይለሰልስ በኃይል ቢጫኑት ይሰነጠቃል፤ ባዶውን ሳለ ቢያጐብጡት ይታጠፋል። የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። በለጋነቱ በፍቅር ያለሰለሱትና በትምህርት የሞሉት ልጅ መከራ ሲመጣበት ይጐብጥ ይሆናል እንጂ አይሰበርም። እናንተም ዛሬ ተማሩ፤ በእጁ የሚሠራውንም ሰው አክብሩ።