ሻንጣው በሰማይ ስንት ይመዝናል? የአየር መንገደኛ ጓዝና የካርቦን አሻራው

(በጀውሃ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሻንጣ ነው። የአየር መንገደኛ ይዞት የሚበረው ጓዝ ምን ያህል ነዳጅ ያስቃጥላል፣ ከዚያስ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከባቢ አየር ይገባል የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ እሞክራለሁ። አውሮፕላን በማያርፍባት ጀውሃ ስለ አውሮፕላን ጓዝ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ከይፋት ቆላ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ የሸኘ ቤት ብዙ ነው። በሌላ በኩልም የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ሲዛባ፣ ማሾውና ማሽላው ሲጠወልግ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በዚሁ ቤት ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በትክክል ማወቅ ይገባናል እላለሁ፤ ባልሠራነው ጥፋት እንዳንሸማቀቅም፣ የእኛ የሆነውን ድርሻ እንዳንክድም።

«አሻራ» የሚለውን ቃል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተከላ ጋር አያይዛችሁ ትሰሙታላችሁ። እዚህ ላይ ግን የምንጠቀምበት በተቃራኒው ትርጉም ነው። የካርቦን አሻራ ማለት አንድ ሥራ በመሠራቱ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን ነው። 1 ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኪሎ ገብቶ ከሦስት ኪሎ በላይ እንዴት ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ትርፉ ክብደት የመጣው ከአየሩ ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ኦክስጅኑም ከካርቦኑ የበለጠ ይመዝናል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንግባ። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሹፌር ጭነት ነዳጅ እንደሚበላ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ጆንያ በሞተሩ ድምፅ ይታወቃል። ከዚህ ተነሥተን አውሮፕላንም ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ሻንጣውን ወደ ላይ ለማውጣት ነው ብንል ግን እንሳሳታለን። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎችን፣ ማለትም 46 ኪሎ ጓዝ፣ ከመሬት ተነሥቶ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ነዳጅ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ዳገቱ ርካሽ ነው።

ውድ የሆነው እዚያ መቆየቱ ነው። መኪና ሜዳ ላይ ሲደርስ ጭነቱን መሬት ይሸከምለታል። አውሮፕላን ግን ከሥሩ መሬት የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ክንፉ አየሩን ያለማቋረጥ ወደ ታች እየገፋ ነው፤ ክንፉም ይህን ሲያደርግ አየሩ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በዘመናዊ የመንገደኛ አውሮፕላን ይህ ጉትት ከክብደቱ ወደ ሃያ አንድ እጅ ይጠጋል። ስለዚህ 20 ኪሎ ጓዝ በሰማይ እንዲቆይ ሞተሩ 1 ኪሎ በሚያህል ኃይል ሳያርፍ መግፋት አለበት፤ አንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ዐሥራ ሦስት ሰዓትም ቢሆን። የበረራ ባለሙያዎች በልምድ የሚጠቀሙበት ስሌትም ከዚሁ ይመነጫል፦ በአውሮፕላኑ ላይ የተጨመረ ክብደት በየሰዓቱ ከራሱ ክብደት ከመቶ 2.5 እስከ 4 የሚሆን ነዳጅ ያስቃጥላል። እኔ ለዛሬው ሒሳብ ከመቶ 3 እወስዳለሁ።

በዚህ ስሌት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለውን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በ13 ሰዓት የሚመጣ 46 ኪሎ ጓዝ 18 ኪሎ ያህል ነዳጅ ያስቃጥላል። ይህም ወደ 57 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ከጅዳ የሚመጣው ያው 46 ኪሎ ግን 1,400 ኪሎ ሜትሩን ከሁለት ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ስለሚጨርሰው የሚያስቃጥለው ነዳጅ 3 ኪሎ ገደማ፣ የሚለቀውም ጋዝ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ሻንጣው አንድ ዓይነት ነው፤ ሚዛኑም አንድ ነው፤ አሻራው ግን ስድስት እጥፍ ያህል ይለያያል።

57 ኪሎ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ይህ የሚወሰነው ከምን ጋር እንደምናነጻጽረው ነው። መንገደኛው ራሱ፣ ከነመቀመጫውና ከአውሮፕላኑ ድርሻ ጋር፣ በዚያው በረራ ከግማሽ ቶን እስከ ሦስት አራተኛ ቶን ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሻንጣዎቹ ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ ናቸው። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ውስጥ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከመሳሰሉት የሚደርሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን 0.15 ቶን፣ ማለትም 150 ኪሎ ገደማ ነው። የአሜሪካዊው 14 ቶን ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ከዋሽንግተን የመጡት ሁለት ሻንጣዎች ብቻ የአንድን ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ ከሲሶ በላይ ይዘው መጥተዋል ማለት ነው። ይህን የምለው ሻንጣውን ይዞ የመጣውን ዘመድ ለመውቀስ አይደለም፤ ይልቁንም የእኛ ዓመት በዚህ ሚዛን ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እንድታዩት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ብዙውን ጊዜ የሚዘለል ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የጉዳዩ ዋና እምብርት እርሱ ነው። ከጀውሃ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ አለ እንበል። ሊነሣ ሲል አንድ ጎረቤት መጥቶ አንድ ጆንያ ጨመረበት። የጎረቤቱ ጆንያ ስንት ነዳጅ ፈጀ? አንደኛው መልስ፣ መኪናው እንደሆነ ሄዷል፤ ጆንያው ያስጨመረው ጥቂት ነዳጅ ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው መልስ፣ መኪናው የሄደው ለጆንያዎቹ ሲባል ስለሆነ ጠቅላላው ነዳጅ ለሁሉም ጆንያ እኩል ይካፈል፣ የጎረቤቱም ድርሻውን ይውሰድ የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

እስካሁን ያቀረብኩት 57 ኪሎ በመጀመሪያው መንገድ የተሰላ ነው። በሁለተኛው መንገድ ብንሄድ ቁጥሩ ያድጋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለስሌቱ አንድን መንገደኛ ከነጓዙ 100 ኪሎ፣ መቀመጫውንና የመሳሰለውን ደግሞ 50 ኪሎ አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ላይ ተመሥርተን 46 ኪሎውን ከ150 ኪሎው ውስጥ ብናወጣው ሻንጣው ከመንገደኛው ጠቅላላ አሻራ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል፤ ያም ከ150 እስከ 230 ኪሎ ነው። ስለዚህ ስለ ሻንጣ ካርቦን አንድ ቁጥር ስትሰሙ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይነግሯችሁ ቁጥር የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ ማስፈራራት የፈለገ ትልቁን፣ ማቃለል የፈለገ ትንሹን ይመርጣል።

እኔ የትኛውን እመርጣለሁ? እናቱን ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ሲሆን የመጀመሪያውን፤ ምክንያቱም ሻንጣው ባይኖርም በረራው አይቀርም። ሸቀጥ በየሳምንቱ በመንገደኞች ኪሎ እያስጫነ ለሚነግድ፣ ወይም በጭነት አውሮፕላን ለሚልክ ግን ሁለተኛውን፤ ምክንያቱም በረራው የተጨመረው ለእርሱ ጭነት ጭምር ነው። ይህን ልዩነት ከዚሁ አካባቢ በሚወጣ ምርት ማየት ይቻላል። የቀወት ማሾ በመኪና ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ወደ ውጭ ይሄዳል። በመርከብ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ሲሆን በጭነት አውሮፕላን ግን ከ500 ግራም ይበልጣል። ማሾው በአውሮፕላን ቢሄድ ኖሮ አሻራው በዚያ ልክ በብዙ ዐሥር እጥፍ ባደገ ነበር።

ሰማይ ላይ ከሚጓዘው ዕቃ ደግሞ ብዙው ውኃ መሆኑን ልብ በሉ። ትኩስ እንጀራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። ጤፍ በእህልነቱ ከአገር እንዳይወጣ ለዓመታት በተከለከለበት ጊዜ እንጀራው ግን ተጋግሮ በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ይሄድ ነበር። በዚያ ጊዜ የበረረው፣ በክብደት ከታየ፣ በአብዛኛው ውኃ ነው። እናቶቻችን ለመንገደኛ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ሲሰንቁ ስለ ካርቦን አስበው እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ እንዳይበላሽና ትከሻ እንዳይጎዳ ነበር። የፊዚክሱ ስሌት ግን ከእነርሱ ጋር ይስማማል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና ያው ውኃ ነው፤ ከዚያም በላይ አምሳያው በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ መርካቶ ተራግፎ ይጠብቀናል። ባዶ ሻንጣ ራሱ አራትና አምስት ኪሎ የሚመዝን አለ፤ ያን ያህል ፕላስቲክና ጎማ እግር አትላንቲክን ሲመላለስ የሚያስተውለው የለም።

250 መንገደኞች እያንዳንዳቸው 46 ኪሎ ይዘው ከዋሽንግተን ቢሳፈሩ ጓዙ 11.5 ቶን ይሆናል። ሁሉም 5 ኪሎ ቢቀንሱ ከአንድ በረራ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ይተርፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በ1.5 ቶን ይቀንሳል። ይህም የዐሥር ኢትዮጵያውያን የዓመት ድርሻ ያህል ነው። ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የተቀነሰው ኪሎ ሁልጊዜ ባዶ አይቀርም። አየር መንገዱ ቦታውን ለጭነት ሊሸጠው ይችላል።

ይህ በተለይ ከቦሌ በሚነሡ በረራዎች ላይ ይታያል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሰዋል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ከዋሽንግተን የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወደዚያ የሚሄደው ግን በደብሊን ወይም በሎሜ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምዕራብ ሲኬድ ፊት ለፊት የሚነፍሰው ነፋስም የራሱን ይጨምራል። እዚህ ላይ ሻንጣ የሚሻማው ከነዳጅ፣ ከአበባና ከሥጋ ጋር ነው፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይገባል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ለአንድ መነሻ 400 ሜትር መውረድ ብዙ መንገደኛ ሻንጣውን ከሚያቀልለው የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ጅዳ መንገደኛ ልመለስ። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ቦሌ የደረሱት ጓዝ ሳይኖራቸው ነበር። የዓመታት ድካማቸው እዚያው ቀርቷል። ያን ያየ ሰው፣ ዛሬ አንዲት እኅት ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ሞልታ 46 ኪሎ ይዛ ስትገባ «ካርቦን አበዛሽ» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። ሒሳቡም አያዝዘውም፤ 10 ኪሎ ነው። ይህን ያህል ጋዝ አንድ ተራ መኪና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ይለቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ወልዲያ እንዲዘልቅ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ይገኛል። ሐዲዱ በሙሉ አቅሙ ሲያገለግል ለጓዝም ለማሾም ከዳገቱ መኪና የቀለለ አሻራ ይኖረዋል፤ በባቡር ላይ ጭነቱን የሚሸከመው መሬት ነውና።

የተዘጋጀሁበትን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። ከጥያቄ በፊት፣ ሻንጣ ያመጣችሁ ካላችሁ ሚዛኑ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ መዝነው የጅዳውንም የዋሽንግተኑንም ሒሳብ ያሰሉላችኋል።