ከፊደል በፊት ምን ይቅደም? የማንኩሽ ሕፃናት፣ ማቆያውና ጨዋታው

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የጉባ ወረዳ መቀመጫ ናት። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ ስሟን ከአካባቢው ሰውና ወደ ሱዳን ድንበር ከሚመላለስ ነጋዴ ውጭ ብዙ ሰው አያነሣውም ነበር። ግድቡ ሠራተኛ፣ ሾፌርና ነጋዴ አመጣ፤ ምግብ ቤቱና አልጋ ቤቱ ተከተለ። ከሩቅ መጥታ ቡና እያፈላች የምትሸጥ እናት ልጇን የምትሰጣት አያት በአጠገቧ የላትም። የጉሙዟ እናት ደግሞ ማሳ ስትወርድ ሕፃኑን ትይዝላት የነበረችው ታላቅ ልጇ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ መግባቷም ተገቢ ነው። ልጁን ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ደጅ ቆሟል።

እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ሕፃኑ ማቆያ ወይም ኬጂ ከገባ በኋላ ምን እየሠራ ይዋል? ፊደል ይቁጠር ወይስ ጭቃ ያቡካ? ይህ ክርክር ከማንኩሽም ከግድቡም ዕድሜ ይረዝማል። በአዲስ አበባም፣ በአሶሳም፣ በባሕር ዳርም ወላጅና መምህር ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በጉባ ያለው ልዩነት ክፍሎቹ ገና አሁን እየተከፈቱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚለመደው ነገር ለብዙ ዓመት ይቆያል።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች መጨረሻው ክፍት የሆነ ጨዋታ የሚሉት፣ አዋቂው ውጤቱን አስቀድሞ ያልወሰነበትን ነው። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ዶሮ ስላ ሠላሳ ልጆች ያንኑ ዶሮ በቀይና በቢጫ ከቀቡት፣ እጃቸው እርሳስ መያዝ ይለማመዳል እንጂ ሐሳቡ የመምህርቷ ነው። አንድ ልጅ የማሽላ አገዳ፣ ጥቂት ቅልና እርጥብ ሸክላ ተሰጥቶት ቤት፣ ከብት ወይም መኪና ቢሠራ፣ ወይም ምንም ስም የሌለው ነገር ሠርቶ ቢያፈርሰው፣ ምን እንደሚሠራ የወሰነው ራሱ ነው። የተበላሸውን የሚያርመውም እርሱ ነው። አገዳው ጣራውን አልችል ሲል ሌላ አገዳ ይፈልጋል፤ ጓደኛው የያዘውን ሲመኝ መለመን፣ መለወጥ ወይም መጠበቅ ይማራል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ቁጥርን፣ ክብደትን፣ ቋንቋንና ትዕግሥትን የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ፊደል አይማሩ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፊደሉ የሚጸናው ይህ ሁሉ ከቀደመው በኋላ ነው የሚል እምነት ግን አለኝ፤ የጽሑፌም ነገር ይኸው ነው።

ድምፅን የለመደ ትምህርት

ወላጁ ጨዋታን ለምን እንደሚጠራጠር ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን የትንሽ ልጅ ትምህርት ሲባል ለዘመናት የሚታወቀው ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ሕፃኑ የፊደል ገበታ ይዞ፣ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደሉን በጩኸት የሚቆጥርበት የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው የአሶሳንና የቤርታን አገር ጨምሮ በእስልምና አካባቢዎች ልጆች የእንጨት ሰሌዳ ይዘው ቁርኣን የሚቀሩበት ነው። ሁለቱም ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርተዋል። ሁለቱም ለወላጁ አንድ ምልክት ሰጥተውታል፤ ልጁ እየተማረ መሆኑ በድምፁ ይታወቃል። ልጁ ጭቃ ይዞ ዝም ብሎ ሲያስብ የሚያሳየው ምልክት የለም።

በዘመናዊ መልኩ መዋዕለ ሕፃናት የገባው በባቡር ሐዲዱ ዘመን በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን ልጆች በተከፈተው ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የከተማና የባለጸጋ ነገር ሆኖ ቆየ። ደርግ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ሊያስፋፋው ሞከረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ነው ብሎ ቢጽፍም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለግብረ ሰናይ ድርጅት ተተወ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቃለን። የግል ኬጂ የሚወዳደረው በእንግሊዝኛና በቤት ሥራ ብዛት ሆነ። የአራት ዓመት ልጅ ከደብተር ጋር ወደ ቤት መመለሱ የከፈልኩት ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ የሚያሰኝ ማስረጃ ሆነለት ለወላጅ።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ በአራት ምሰሶ የቆመ ነበር፤ የወላጆች ትምህርት፣ የጤናና የማነቃቃት ሥራ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ዝግጁነት። በተግባር ፈጥኖ የሮጠው ግን ሌላ ነው፤ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ክፍል ለይቶ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን ዓመት ማስተማር፣ ማለትም ኦ-ክፍል። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 10 በመቶ እንኳ የማይሞላው የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ በ2009 ዓ.ም. 46 በመቶ ገደማ ደረሰ። እንዲህ ያለ ዕድገት በጥቂት ዓመት ማምጣት ቀላል አይደለም። ሆኖም ያንግ ላይቭስ የተባለውን የሕፃናት ጥናት ጨምሮ በኦ-ክፍል ላይ የተጻፉ ሥራዎች ያነሡት ችግር ተመሳሳይ ነው። ክፍሉ ተጨናነቀ፣ መምህሩ ለትንሽ ልጅ አልሠለጠነም፣ ስለዚህ የ1ኛ ክፍልን ትምህርት ለአምስት ዓመት ልጅ ማስተማር ቀለለ። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሁለተኛው ዓመት በምን ይሞላል የሚለው ነው እንግዲህ የአሁኑ ጥያቄ።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተሞከረው

ክልሉ በዚህ ነገር ላይ ተመልካች ብቻ አልነበረም። ከልጅ ለልጅ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዩኒሴፍ ድጋፍ ሲሞከር ኢትዮጵያ ከባንግላዴሽ፣ ከቻይና፣ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ከታጂኪስታንና ከየመን ጋር ከተመረጡት አንዷ ነበረች። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ በሰፈሩ ያሉ ጥቂት ሕፃናትን ሰብስቦ ያጫውታል። ጠጠር ያስቆጥራቸዋል፣ ተረት ይነግራቸዋል፣ ቅርጽ ያስለያቸዋል። ቆየት ብሎ ደግሞ ዩኒሴፍና ትምህርት ቢሮው የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት የሚባለውን በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሞከሩ። ምንም ቅድመ አንደኛ ያላዩ ልጆች 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምቱ ለሁለት ወር ያህል በጨዋታ፣ በዘፈን፣ በተረትና በሚዳሰሱ ነገሮች የሚዘጋጁበት ነው። ሙከራው ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ወጥቷል።

ከልጅ ለልጅ የሚለው ሐሳብ በመተከል ብዙ ማስተማሪያ አያስፈልገውም። ታናሿን አዝላ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ሥራውን ከጥንት ታውቀዋለች። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሞግዚት እንድትሆን ትምህርቷን ማጉደል የለባትም፤ ዘዴው የታሰበው ለትርፍ ሰዓት ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የአዋቂ ደመወዝ መቆጠቢያ ከሆነ ጉዳቱ ለሁለቱም ልጆች ነው።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ጉሙዝኛ፣ ቤርታኛና ሺናሽኛም ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ማንኩሽ ውስጥ አንድ ሕፃን በቤቱ ጉሙዝኛ፣ በገበያው አማርኛና አረብኛ፣ ከጎረቤቱ ደግሞ አገውኛ ወይም ኦሮምኛ ይሰማል። ትምህርቱ በአፍ በሚቀባበሉት ፊደል ብቻ ከተጀመረ የመምህሩን ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዝም ስላለም ሰነፍ ይባላል። በሸክላና በአገዳ ሲጫወት ግን እኩል ነው። እጁ ሲሠራ ጎኑ ካለው ልጅ ቃል ይወስዳል፤ የራሱንም ቃል ይሰጣል። በብዙ ቋንቋ ለሚኖር ከተማ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ማሰብ ይከብደኛል።

ከልጅነታችን የምናውቀው ሁሉ ክፍት ጨዋታ እንዳልሆነም ልብ ማለት ይገባል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልብልብ፣ አኩኩሉና ገበጣ ሕግ ያላቸው ናቸው፤ ተራ መጠበቅንና መቁጠርን ያስተምራሉ፤ ገበጣ እንደውም ትልቅ ሰው የሚያስብበት ነው። እነዚህ ከፍ ላለ ልጅ ይመቻሉ። ለትንሹ የሚቀርበው ዕቃ ዕቃ ነው፤ ድንጋዩ ጉልቻ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ አፈሩ ሽሮ የሚሆንበት። አንድ ዕቃ ሌላውን ሊወክል እንደሚችል ያወቀ ልጅ፣ ቆይቶ አንድ ምልክት ድምፅን ሊወክል እንደሚችል ሲነገረው አይደነግጥም። ከዕቃ ዕቃ እስከ ፊደል ያለው መንገድ ወላጅ ከሚገምተው አጭር ነው።

የዕቃ እጥረት የሚባለው ነገር በዚህ አገር እምብዛም አያሳምነኝም። ከቻይና የመጣ ፕላስቲክ ተንሸራታች የሌለው ማቆያ ምንም የለውም ማለት አይደለም። ጉባና አሶሳ የቆላ ቀርከሃ አገር ናቸው። የጉሙዝ ሴቶች ሸክላ ይሠራሉ። ቤርታዎች ዋዛ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ከቅል ይሠሩታል፤ እያንዳንዱ ነፊ የአንድ ድምፅ ባለቤት ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። የአምስት ዓመት ልጆችን በትንንሽ ቅል እንዲህ ማጫወት የማይችል ክፍል የለም። እንግሊዛዊው ሲመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በጻፈው አንድ ጽሑፍ የልጅ ፈጠራ የሚሰፋው በአካባቢው ሊያንቀሳቅሳቸውና ሊቀያይራቸው የሚችላቸው ነገሮች በበዙ መጠን ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ከርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1943 በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ዴንማርክ፣ ኤምድሩፕ በተባለ ቦታ ልጆች በተጣለ እንጨትና ጡብ እንዲጫወቱ ሜዳ ተከፍቶላቸዋል።

ቁሳቁሱ ካለ የሚያሳስበው ደኅንነቱ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፤ ስለዚህ ቆርኪ፣ ጠጠርና የዶቃ ፍሬ ለእርሱ አይሆኑም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጫፉ መለስለስ አለበት። በቆላ አገር የተከመረ ድንጋይና እንጨት የጊንጥና የእባብ መደበቂያ ነው፤ ዕቃው በየቀኑ ተገልብጦ መታየትና ማታ መነሣት ይኖርበታል። ጭቃ የተቦካበት ውሃ ከሰነበተ ትንኝ ይራባል፤ ጉባ ደግሞ የወባ አገር ነው። የቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍል በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን አያስቀምጥም፤ የውጭው ጨዋታ በማለዳ፣ በዛፍ ጥላ ሥር መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የምታውቀው እዚያው ያደገች ሞግዚት ናት፤ ከአዲስ አበባ ተጽፎ የመጣ መመሪያ አይነግራትም።

በመተከል ከ2011 ዓ.ም. በኋላ የደረሰውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በዞኑ በግጭትና በጥቃት ብዙ ሰው ሞቷል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ በቻግኒ ራንችና በሌሎች መጠለያዎች ከርሟል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት አሁን ተማሪዎች ናቸው። በመጠለያዎችና በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የስደተኛ ካምፖች የረድኤት ድርጅቶች ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ቦታዎች ብለው የሚከፍቷቸው ድንኳኖች ዋና ሥራቸው ጨዋታና ሥዕል ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል የገቡ ልጆችም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። በቃል ሊናገረው የማይችለውን ልጅ በሥዕል ወይም በጭቃ ያወጣዋል፤ ያም የሚሆነው ምን መሳል እንዳለበት ካልታዘዘ ነው። በጣሊያን ሬጂዮ ኤሚሊያ አጠገብ ያሉ የገጠር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1945፣ ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን፣ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ሸጠው የመጀመሪያውን የሕፃናት ትምህርት ቤታቸውን ሠርተዋል። መምህሩ ሎሪስ ማላጉዚ ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያሳደገው ሥራ ዛሬ ዓለም የሚማርበት ነው። ከጦርነት በኋላ ቅድሚያ ለሕፃናት የሰጠ ሕዝብ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማቆያው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በዚያ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር፤ እንግዲህ ሦስት ወር የሞላው ሕፃን ማቆያ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛዋን ይረዳል፤ ቡና ሻጯንና ገበሬዋን አይደርስም። ከዚህም በላይ ማቆያው የማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም። አምስትና ስድስት ዓመት ያለው ልጅ የትምህርት ቢሮ ነው። ከዚያ በታች ያለው በጤናና በሴቶች ጉዳይ መካከል ይዋልላል፤ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ ሱፐርቫይዘርም አይመጣለትም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሙ ማቆያዎችንና የመጫወቻ ቦታዎችን በራሱ በጀት ማስፋፋት ጀምሯል። የጉባ ወረዳ ያን ያህል ገቢ የለውም።

የመተከል ዞን ዋና ከተማ ጊልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ አሶሳም ዩኒቨርሲቲ አላት። የጉሙዝ፣ የቤርታና የሺናሽ ልጃገረዶች ለቅድመ አንደኛና ለማቆያ በልዩ ሁኔታ ቢሠለጥኑ፣ በሥልጠናውም ልጅን ለሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ መመልከት ቢለማመዱ፣ ለወላጁም ልጁ ዛሬ ምን እንደሠራ በቃል መንገርን ቢማሩ፣ ድምፅ የለመደው ወላጅ ጥያቄው ይመለስለታል። ወላጅ የሚፈልገው ልጁ ከእርሱ የተሻለ እንዲሆን ነው፤ ይህን ምኞቱን ማክበር ግዴታ ነው። ሥልጠናው ግን ያለ ደመወዝ ከንቱ ነው። የሞግዚቷ ክፍያ ከየትኛው ቢሮ በጀት እንደሚወጣ ሳይወሰን የክፍሉ ቁጥር ብቻ ከጨመረ፣ ሠላሳ ሕፃን ብቻዋን የያዘች ሴት ጭቃ ልታስነካቸው አትችልም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዝም አስብላ በመስመር ታስቀምጣቸዋለች።