በአርሊንግተን መካነ መቃብር ጎብኚ ከሐዘንተኛ ሲገናኝ

ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ የሚገኘው የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር፣ እ.አ.አ. በ1864 ቢመሠረትም ዛሬም ቀብር ይፈጸምበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ከ20 በላይ ሥርዓተ ቀብሮች ሊካሄዱ ስለሚችሉ፣ ለጉብኝት የመጣ ሰው ድንገት ከሐዘንተኛ ቤተሰብ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

አስከሬን ሲያልፍ ቆሞ ማሳለፍ በአገር ቤት የቆየ ወግ ነው፤ ለዚህም ስፍራ የሚስማማው እርሱ ነው። በሚያለቅስ ሰው ላይ ካሜራ ማነጣጠር ግን ነውር ነው፣ ከሩቅም ቢሆን። መሮጥ፣ ምግብ መብላት፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ መቀመጥም ክልክል ነው።

ጎብኚ የሚበዛበት የማይታወቀው ወታደር መቃብር፣ እ.አ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቀንና ሌሊት በዘብ ይጠበቃል። ዘቡ 21 እርምጃ ተራምዶ ለ21 ሰከንድ ይቆማል፤ ቁጥሩ የ21 ጊዜ መድፍ ተኩስን ክብር ያመለክታል። ተመልካቹ ከተንጫጫ ዘቡ ጉዞውን ገትቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸጥታ ይጠይቃል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.አ.አ. በ1963 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር የተገኙት በዚሁ ስፍራ ነበር።

ወዳጅ ዘመድ የተቀበረበት ሰው ትኩስ አበባ ማኖር ይችላል። በመቃብር ላይ ሻማ ማብራት ግን፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ አይፈቀድም።