8028፦ አንድ ምክር በብዙ ማሳ

8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የሚባለው፣ ዛሬ ኢንስቲትዩት የሆነው መሥሪያ ቤት ነው። ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አብሮ ሠርቶታል። መስመሩ ሲከፈት በነፃ እንዲደወልበት ተደርጓል። በዋናነት የሚመልሰው የተቀዳ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ቋንቋ ያስመርጣል፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ትግርኛ ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ ሌሎችም በኋላ ተጨምረዋል። ከዚያ ደዋዩ ሰብሉን ይመርጣል፣ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ አረም ቁጥር ተጭኖ ያዳምጣል። ማንበብ የማይችል ገበሬም ይጠቀምበታል። የልማት ሠራተኞችም ራሳቸው ይደውሉበታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተመዘገቡት ደዋዮች በሚሊዮን ተቆጥረዋል።

ምክሩ አንድ ነው፤ የሚሰሙት ማሳዎች ግን አንድ አይደሉም። ይህን ለማየት ከምዕራብ ሸዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ባኮ የሚደርሰው አንድ መንገድ በርካታ የእርሻ ዓለሞችን ያቋርጣል። ከመንገዱ በስተሰሜን ያለው ጄልዱ ደጋ ነው፤ ድንች፣ ገብስና ስንዴ ይበቅልበታል፣ የድንች ዘር በማባዛትም ስሙ የታወቀ ነው። ጊንጪ ዙሪያ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መረሬ አፈር ሰፊ ነው። ባኮ ወደ 1,650 ሜትር ወርዶ የበቆሎ አገር ይሆናል፤ ብሔራዊው የበቆሎ ምርምር ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው።

ጤፍ በመስመር እንዲዘራ የተሰጠውን ምክር እንውሰድ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ደረጃ በስፋት የተሰበከ ነው፣ 8028ም ካስተላለፋቸው ምክሮች አንዱ ሆኗል። በብተና የሚዘራ ገበሬ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይጠቀማል። ምክሩ ይህን ወደ 3 ወይም 5 ኪሎ ዝቅ አድርጎ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ማንጠባጠብ ነው። ተክሉ ሳይፎካከር ያድጋል፣ ግንዱ ይጠነክራል፣ ለአረምም ይመቻል። ምክንያቱ ትክክል ነው፣ በምርምር ማሳም ታይቷል።

ነገር ግን መቶ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ አንድ የስንዴ ፍሬ አያህልም። ይህን ዘር በጣት ቆንጥሮ መስመር ለመስመር ማንጠባጠብ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋልን ይጠይቃል። በብተና አንድ ሰው በጥቂት ሰዓት የሚጨርሰው ማሳ በመስመር ሲሆን ብዙ እጅ ለቀናት ይፈልጋል፤ ይህም ዝናቡና ሥራው በሚደራረብበት በሐምሌ ነው። ያደጉ ልጆች ያሉት፣ ደቦ መጥራት ወይም ቀን ሠራተኛ መቅጠር የሚችል ገበሬ ምክሩን ሲሰማ የሚቆጥበውን ዘር ያሰላል። ብቻውን የሚያርስ ሽማግሌ ወይም ባሏ የሞተባት እናት ግን የሚያሰሉት የጉልበቱን ዋጋ ነው። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው።

አፈሩም የራሱ አስተያየት አለው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ በልማድ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ በብዙ ቦታ በከብት ያስረግጣል፣ ከዚያ በላዩ ዘሩን ይበትናል። በጊንጪ መረሬ ላይ ጭቃው እግር በሚይዝበት ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት ቀርቶ መቆሙም ያታክታል። ለዚህ አፈር ተመራማሪዎች ሌላ መልስ ፈልገው ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጊንጪ የመረሬ አፈር ምርምር ጣቢያ ሆና፣ ሁለት ማረሻ በማጣመር ሰፊ መደብና የውኃ መውረጃ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሞክሮባታል። በቀይ አፈር ላይ ለሚያርስ ጎረቤት ግን ያ መሣሪያ ምንም አያደርግለትም። በምርምር ማሳ የታየው የመስመር ዘር ትርፍ በየገበሬው ማሳ በዚያው ልክ ያልተደገመበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው ልዩነት ነው። ብዙ ገበሬዎች ከፊሉን በመስመር፣ ከፊሉን በብተና ዘርተው ራሳቸው አመዛዝነዋል። ይህን እንቢተኝነት ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ ገበሬው ምክሩን ሰምቶ በአቅሙና በአፈሩ ልክ ቆርጦታል።

8028 የሚያስተላልፈው የዋግ፣ ማለትም የስንዴ በሽታ፣ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ አምቦም በቀጥታ ትገባበታለች። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎዳ። ገበሬው ዲጋሉ ወደተባለው ሌላ ዝርያ እንዲዞር ተመከረ፣ ዞረም፤ ለጊዜው ጥሩ ምክር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ዲጋሉን አጠፋው። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ያው ምክር ከመድኃኒትነት ወደ አደጋ ተለወጠ።

የዋጉን ዘር የሚለየው የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ቀድሞ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ይባል ነበር። ከየአካባቢው የተሰበሰበ የታመመ አገዳ ወደዚያ ይመጣል። በሽታው በ20 የተመረጡ የስንዴ ዓይነቶች ላይ ይዘራና የትኛውን እንደሚያጠቃ፣ የትኛው እንደሚቋቋመው ይታያል። ውጤቱ በአምስት የላቲን ፊደላት ይጠራል፤ ዲጋሉን ያጠፋው ቲኬቲቲኤፍ (TKTTF) የሚባለው ነው። ከዚህ በተጨማሪ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ከብሪታንያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ጋር ሆነው ነፋስ የዋጉን ብናኝ ወዴት እንደሚወስደው የሚተነብይ ሥርዓት አቁመዋል። ማስጠንቀቂያውም በ8028 በኩል በአጭር መልእክት ይላካል።

እንዲህ ያለው መልእክት ከመስመር ዘር ምክር በተሻለ ይደመጣል። አጭር ነው፣ ቀን አለው፣ አንድ ነገር ብቻ ያዛል፦ ማሳህን እይ፣ ዋግ ካየህ ርጭ። ያም ሆኖ የሚቀበሉት ሰዎች ይለያያሉ። የጀርባ መርጫና የፀረ ፈንገስ መግዣ ያለው በዚያው ሳምንት ይረጫል፤ የሌለው መልእክቱን አንብቦ ይጨነቃል። በቆሎ ብቻ ለሚያመርት የባኮ ገበሬ ደግሞ የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲህ ያለው መልእክት ሲበዛበት የሚመለከተውን የተምች ማስጠንቀቂያ እንኳ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል።

ይህን ችግር በኢሜይል ዕቃና አገልግሎት የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች በሌላው ዓለም ቀድመው አውቀውታል። አድራሻዎቹን በአካባቢ፣ በዕድሜ፣ ቀድሞ በተገዛው ዕቃ ይከፋፍላሉ፤ ለአንዱ ወገን አንድ ርዕስ፣ ለሌላው ሌላ ርዕስ ልከው የትኛው እንደተከፈተ ይቆጥራሉ። 8028ም ለዚህ የሚሆን መሠረት አለው። ገበሬው መጀመሪያ ሲደውል አካባቢው፣ ጾታውና እርሻው ይመዘገባል፤ ማስጠንቀቂያ ለተወሰነ አካባቢ ብቻ መላክ የሚቻለውም በዚህ ነው። ከመስመሩ ክፍሎች ሁሉ የላቀ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባው ይህ መዝገብ ነው። የተጫነ ቁጥር መቁጠር ማን እንዳዳመጠ ያሳያል፤ ማን እንዳደረገው፣ ማንስ ለምን እንደተወው ግን በልማት ሠራተኛው በኩል ካልሆነ አይታወቅም።

መዝገቡም ቢሆን የማያየው ሰው አለ። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። ዘር የምትመርጠው፣ የምታርመው፣ እህሉን የምታስቀምጠው ሚስት ምክሩን የምትሰማው ባሏ ከነገራት ነው። ከነገራትም የሚነግራት እሱ ልብ ያለውን ነው።

አንዱን ምክር ከማሳ ማሳ የሚለያይ የሚያደርግ የአሲዳማ አፈርም ጉዳይ አለ፤ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ሰፊ ነው። የሆለታ ምርምር ማዕከል ለዓመታት የሠራበት መፍትሔ ኖራ ነው። አንድ ሄክታር እንደ አሲዱ መጠን ከ20 ኩንታል በላይ ኖራ ሊፈልግ ይችላል። ለአስፋልት ዳር ገበሬ ይህ የአንድ መኪና ጉዳይ ነው። ከመንገድ ርቆ በአህያ ለሚያጓጉዝ የጄልዱ ገበሬ ግን አህያዋ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ያህል ትይዛለች፤ ለአንድ ሄክታር ከአርባ ጊዜ በላይ መመላለስ አለባት።