ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች እንዲሠራ ስለ ማዘጋጀት

ለጥናት ወደ ገጠር ወጥተን የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅና በቪዲዮ የምንሰበስብ ተማሪዎች፥ የሰበሰብነውን የምናኖረው በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ነው። ይኸው ዲስክ ባንዱ ኮምፒዩተር ተጽፎበት በሌላው አልጻፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ብዙዎች ተበላሽቷል ብለው ይፈርዳሉ። ዲስኩ ግን ደኅና ነው፤ የተለያየው የመዝገቡ አያያዝ ነው።

ዲስክን ባዶ መጋዘን ብንለው፥ ፎርማት ማድረግ ማለት ለመጋዘኑ መደርደሪያና መዝገብ ማበጀት ነው። መዝገቡንም እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ሥርዐት ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. የወጣውን የማይክሮሶፍትን ኤንቲኤፍኤስ ማክ ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። በ2017 የወጣውን የአፕልን ኤፒኤፍኤስ ደግሞ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ከቶ አያውቀውም። ሁሉም የሚያውቀው አሮጌው ፋት 32 ነው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። ረዥም የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል።

ስለዚህ የምንመርጠው ኤክስፋትን ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 አወጣው፤ ማክ ከ2010 ጀምሮ ተቀበለው፤ በ2019 ዝርዝሩ ለሕዝብ ከተገለጸ በኋላ ሊኑክስም በዚያው ዓመት በከርነሉ ውስጥ አስገባው።

ይሁን እንጂ ጉድለት አለው። ዊንዶውስ ከ32 ጊጋባይት የሚበልጠውን ዲስክ በኤክስፋት ሲያዘጋጅ፥ ካላዘዝነው በቀር ቦታውን በ128 ኪሎባይት ይሸነሽነዋል፤ የቱንም ያህል ቢያንስ አንድ ፋይል አንድ ሽንሽን ይይዛል። እንግዲህ አንድ አንድ ኪሎባይት የሚያህሉ 10,000 ማስታወሻዎች ከ1 ጊጋባይት በላይ ይበላሉ ማለት ነው፤ በአንድ ዚፕ ፋይል ቢታሰሩ ይሻላል። የሚብሰው ግን ኤክስፋት የጀመረውን ጽሕፈት የሚከታተልበት ጆርናል የሌለው መሆኑ ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ ገመዱ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሊዛባ ይችላል። ቃላቸውን የሰጡን አዛውንት እስክንመለስ ላይቆዩን ይችላሉና፥ የጥናቱ ሁለተኛ ቅጅ በሌላ ዲስክ መኖር አለበት፤ ዲስኩንም ሳናስናብት ገመዱን አንነቅልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፎርማት የነበረውን ስለሚደመስስ አስቀድሞ ሁሉን ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ያሻል። በዊንዶውስ የዲስኩን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፎርማት የሚለውን፥ ከዚያም ኤክስፋትን መምረጥ ነው። በማክ ዲስክ ዩቲሊቲን ከፍቶ፥ ክፋዩን ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ መርጦ፥ ኤክስፋትን ማዘዝ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጦ በሌላው ኮምፒዩተር እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ ዋናው ቅጅ እስከዚያ ድረስ አይነካም።