ጉበት በሚቆረጥበት ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ

በአገራችን ሕመምተኛ በክንዱ መርፌ ተተክሎለት ከላይ ከተንጠለጠለው ከረጢት ጠብ ጠብ ሲልለት ያየ ሁሉ፣ በውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ይላል፤ ልማድ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩት እነዚህ ፈሳሾች በመልክ አንድ ሲመስሉ በባሕርያቸው እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን ይሸፍንብናል። ልዩነታቸውም አጥብቆ የሚገለጠው የጉበት ከፊል በሚቆረጥበት ዐቢይ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በዚያ የሚቆረጠው ብልት ከሚሰጡት ፈሳሾች አንዳንዱን ለሰውነት እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው ያው ብልት ነውና።

ኮሌራ ብሪታንያን በመታበት እ.ኤ.አ. በ1832፣ በስኮትላንድ በሊዝ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላታ፣ ሰውነቷ ደርቆ ነፍሷ ልትወጣ ለተቃረበች አንዲት አሮጊት ጨውና ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ በክንዷ ደም ሥር ቢያፈስላት፣ የገረጣው ፊቷ ተመልሶ ሕይወት ዘራች፤ ድናለች ብሎ ትቷት ከሄደ በኋላ ግን ሕመሙ አገርሽቶባት በጥቂት ሰዓት ውስጥ አረፈች። ከአጠገቧ ሳይለይ ውሃውን ቢደግምላት ኖሮ እያልሁ አዝናለሁ።

ዛሬ ኖርማል ሳላይን የሚባለው በሊትር 9 ግራም ጨው የያዘው ፈሳሽ የዚያ ዘመድ ነው፤ ሆኖም በሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ሲኖረው በደማችን ያለው ወደ 100 ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ በብዛት በተሰጠ ጊዜ ደሙን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል።

ለሰውነት ወደ ቀረበው ፈሳሽ መንገዱን የጠረገው በለንደን የነበረው ሲድኒ ሪንገር ነው። እርሱም ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውሃ ብቻ ሲመታ ማየቱን በ1882 ከጻፈ በኋላ፣ ውሃው እንዳሰበው የተጣራ ሳይሆን ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑን ደረሰበት፤ በተጣራው ቢሞክር ልቡ ደክሞ ቆመ፤ ሲያስመታው የኖረው በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ኖሯል። ሪንገር ስሕተቱን ሳይሸሽግ በ1883 አርሞ አሳተመ፤ እኔ ይህን ትሕትናውን ከግኝቱ አሳንሼ አላየውም። በ1932 ደግሞ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በሪንገር ፈሳሽ ላይ ላክቴት ጨመረና ሪንገር ላክቴት የሚባለው ተገኘ።

ላክቴት ግን በራሱ አሲድን አያበርድም፤ ይልቁንም በአብዛኛው ጉበት ተቀብሎ ሲያቃጥለው ባይካርቦኔት ይተካል፤ አሲዱን የሚያበርደውም ይህ ነው። እንግዲህ የጉበት እኩሌታ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከተቆረጠ፣ ደም እንዳይፈስም ወደ ጉበት የሚገባው የደም መንገድ ለጊዜው ከታነቀ (የግላስጎው ሐኪም ጀምስ ሆጋርት ፕሪንግል በ1908 ያስተማረው ዘዴ ነው)፣ ላክቴቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሐኪሙም የሕመምተኛውን ጭንቀት የሚመዝነው በዚሁ ላክቴት ስለ ሆነ ምልክቱ ይደባለቅበታል። ስለዚህ ብዙዎች ጡንቻና ሌላውም ብልት የሚያቃጥለው አሴቴት ያለባቸውን፣ እንደ ፕላዝማላይት ያሉትን ይመርጣሉ፤ ጤናማ ጉበት በበቂ ከተረፈ ግን ሪንገር ላክቴት በልኩ ቢሰጥ የሚያስፈራ አይደለም።

ከዐይነቱ ይልቅ የሚከብደው መጠኑ ነው። ከጉበት ወደ ልብ የሚመልሱት ደም ሥሮች ግድግዳቸው ስስ፣ መዝጊያም የሌላቸው ናቸውና፣ በዋናው ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይከለከል ወደ እነርሱ ይደርሳል። የማደንዘዣው ሐኪም አስቀድሞ ከረጢቶቹን ቢያንቆረቁር ሥሮቹ ይነፋሉ፤ ቀዳጅ ሐኪሙ በጉበቱ ሥጋ መካከል ሲያልፍ አንዷ ብትቀደድ የሥራው ስፍራ በጥቁር ደም ይሞላና ዐይን የሚያየው ይጠፋል። ስለዚህ መቁረጡ እስኪፈጸም ጠብታውን አጥብቦ ግፊቱን ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሊያቆየው ይጥራል፤ ነገር ግን እጅግ ከወረደ ሽንት ይቀንሳል፤ ከዚህም የሚያስፈራው፣ በተቀደደችው ሥር አየር ተስቦ ወደ ልብ ሊገባ መቻሉ ነው። ጉበቱ ተከፍሎ ደሙ ከቆመ በኋላ የጎደለው ይተካል፤ አንዳንድ ጊዜም ጉበት ራሱ ይሠራው የነበረው አልቡሚን ይጨመራል። ከስታርች የተሠሩት ፈሳሾች ግን ኩላሊትን ስለ ጎዱ በብዙ ስፍራ ተትተዋል።

በማግስቱም ነርሷ የሕመምተኛውን ጣት ወግታ በደሙ ያለውን ስኳር ትለካለች፤ ጉበት የስኳር ጎተራ ነበርና፣ ጎተራው በጠበበ ጊዜ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ከወረደም ያን ጊዜ የሚሰቀልለት በእውነት ግሉኮስ ነው።